«ኔትወርክ የለም» ስንል ምን ማለታችን ነው? በወንጪ አፋፍ ላይ ያገኘነው የጌም ማጫወቻና አራቱ ጉዞዎቹ

በአገራችን ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች «መብራት ጠፋ» ከሚለው አነጋገር ቀጥሎ አዘውትሮ የሚሰማው «ኔትወርክ የለም» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። መብራት ሲጠፋ አምፖሉም፣ ምጣዱም፣ ቴሌቪዥኑም በአንድ ጊዜ ስለሚቆሙ፣ የጎረቤትንም ቤት አየት አድርገን መንስኤው የት እንዳለ ለመገመት አንቸገርም። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ስልኩ እየሠራ ኮምፒዩተሩ ሊቆም፣ ኮምፒዩተሩ እየሠራ ደግሞ የጌም ማጫወቻው እምቢ ሊል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ፣ በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ችግሮች ቢያንስ አራት መሆናቸውን፣ እያንዳንዱም የራሱ ፊዚክስ እንዳለውና አንዳንዱ በእጃችን የሚፈታ፣ አንዳንዱ ግን በማንም የማይፈታ መሆኑን፣ ባጋጠመን አንድ ጉዳይ አማካይነት ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጉዳዩ

ከአምቦ ከተማ በስተደቡብ፣ ወደ ወሊሶ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው ወንጪ፣ በእሳተ ገሞራ አናት ላይ የተፈጠረ ሰፊ ጉድጓድ ነው። የተራራው ከፍተኛ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,386 ሜትር ይደርሳል። በጉድጓዱ ውስጥ ሐይቁ፣ በሐይቁም ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያለባት ደሴት ይገኛሉ። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ የመረጠው ሲሆን፣ «ገበታ ለሀገር» በተባለው ፕሮጀክትም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር እንዲለማ ከታቀዱት ሦስት ሥፍራዎች አንዱ ነው።

ወደዚያ የሄድነው ከተማሪዎቻችን ጋር ዐለቶችን ለመመልከት ነበር። ከአፋፉ ጥቂት ወረድ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ክፍል በር ላይ አንድ ወጣት ቆሞ አገኘነው። ፈረሱን ለጎብኚዎች እያከራየ የሚተዳደር ልጅ ነው። ተማሪዎቹ ሲነጋገሩ ሰምቶ ኖሮ ጠጋ አለንና፣ «መምህር፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነዎት ሲሉ ሰማሁ። አንድ ነገር ቢያዩልኝ?» ሲል ጠየቀን።

በክፍሏ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌይስቴሽን 4፣ ሁለት ጆይስቲክና ሲም ካርድ የሚገባበት አንድ ራውተር ነበሩ። ማጫወቻውን የገዛው አንድ ውርንጭላ ሸጦ ገንዘቡን ከቁጠባው ጋር በማዳበል ነው። ሐሳቡ የመንደሩ ወጣቶችና ጎብኚዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት አማካይነት ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ተጫዋቾች ጋር የእግር ኳስ ጌም እንዲገጥሙ፣ እሱም በየጨዋታው እንዲያስከፍል ነበር። ይሁን እንጂ ሦስት ወር ሙሉ ማጫወቻው አንዴ «ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አልተቻለም» ሲለው፣ አንዴ ጨዋታው መሐል ሲቋረጥበት ቆይቷል። ሲም ካርድ ቀይሯል፤ ለባለሙያ ሁለት ጊዜ ከፍሏል። «ሰኞ ገዢ ይመጣል፤ በግማሽ ዋጋ ነው የሚወስደው» አለን።

እኛም ዙሪያውን የከበበውን ተራራ ተመልክተን፣ የስልክ ማማው ከዚህ እንደማይታይም አስተውለን፣ «ችግሩ ተራራው ነው፤ ማዕበሉን ይከልለዋል» ስንል በእርግጠኝነት መለስንለት። መልሱ የተማረ ሰው መልስ ይመስላል። ነገር ግን ስሕተት ነበር። ስሕተትነቱንም ያሳየችን አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪያችን ናት። የልጁን ስልክ ከዚያው ራውተር ጋር አገናኝታ፣ ከራውተሩ አጠገብ ቆማ ቪዲዮ ከፈተች። ቪዲዮው ሳይንገራገጭ ሄደ። ተራራው ማዕበሉን ሙሉ በሙሉ የከለለው ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

መንገዱን መከፋፈል

ተማሪዋ ያደረገችው ነገር የማንኛውም ብልሽት ፍለጋ መሠረት ነው። ረጅም የውኃ ቧንቧ ውኃ አልሰጥ ሲል ሙሉውን መሥመር ቆፍሮ የሚያወጣ የለም። መሐል ላይ ያለው ቧንቧ ተከፍቶ ይታያል። ውኃ ካለ ችግሩ ከዚያ በታች ነው፤ ከሌለ ከዚያ በላይ። ከጌም ማጫወቻ የሚነሣ መልእክትም የሚያደርገው ጉዞ በአራት ሊከፈል ይችላል። እነርሱም፦ አንደኛ ከማጫወቻው እስከ ራውተሩ፤ ሁለተኛ ከራውተሩ እስከ ስልክ ማማው፤ ሦስተኛ ከማማው በአገልግሎት ሰጪው ኔትወርክ ውስጥ አልፎ እስከ አገሪቱ የኢንተርኔት መውጫ በር፤ አራተኛ ከዚያ እስከ ውጭ አገር ሰርቨር ናቸው። በማንኛውም ፍተሻ ላይ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው ከመሐል መጀመር፣ ሁለተኛው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ሲም ካርዱን፣ ራውተሩንና የማጫወቻውን ቅንብር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም።

የመጀመሪያው ጉዞ፦ አምስት ሜትር

ስልኩ ሠርቶ ማጫወቻው ካልሠራ፣ ችግሩ በማጫወቻውና በራውተሩ መካከል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በክፍሏ ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከአምስት ሜትር አይበልጥም። ይሁንና ልጁ ማጫወቻውን ከሌባ ለመጠበቅ በብረት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦት ነበር። በጨዋታ ጊዜም የሳጥኑ በር ገርበብ ይላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ዋይ-ፋይ የሚጠቀመው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ብቻ ነው። የዚህ ማዕበል ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለው ማዕበል በእንጨትና በደረቅ ጭቃ ግድግዳ ውስጥ ከኃይሉ ጥቂቱን አጥቶ ያልፋል፤ ብረት ሲያጋጥመው ግን ልክ ብርሃን በመስተዋት ላይ እንደሚያደርገው ወደ መጣበት ይመለሳል። በብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ማጫወቻ በሩ ተዘግቶበት ከውጭ ሰው ጋር በሹክሹክታ እንደሚነጋገር ሰው ነው።

በዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። የጆይስቲኮቹ ገመድ አልባ መገናኛ፣ ማለትም ብሉቱዝ፣ የሚሠራው በዚሁ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። የማይክሮዌቭ ምድጃም እንዲሁ። በዚህ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ዋይ-ፋይ ከሚጠቀምባቸው ቻናሎች እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ በመሆናቸው፣ ጎረቤታሞች ሁሉ በአንድ ቻናል ላይ ሲጨናነቁ ሁሉም ይጎዳሉ።

የተማሪዎቻችን ሻንጣ ውስጥ ለኮምፒዩተር የመጣ የኔትወርክ ገመድ ስለነበር ማጫወቻውንና ራውተሩን በገመድ አገናኘናቸው። «መገናኘት አልተቻለም» የሚለው መልእክት ጠፋ። ከዚያም ገመዱን ነቅለን፣ ማጫወቻውን ከሳጥኑ አውጥተን በጠረጴዛ ላይ ብናስቀምጠው፣ በዋይ-ፋይም ሠራ። ሁለቱን ሙከራዎች ለየብቻ ማድረጋችን ጥፋቱ የማጫወቻው ሳይሆን የሳጥኑ መሆኑን አረጋገጠልን። ለሦስት ወር «ኔትወርክ የለም» ሲባል የነበረው፣ በከፊልም ቢሆን፣ የአምስት ሜትር ችግር ነበር።

ሁለተኛው ጉዞ፦ ተራራውና ሐይቁ

የተራራው ነገር ግን ጨርሶ ከንቱ ግምት አልነበረም። ማዕበል ስለታም የተራራ ጫፍ ሲያገኝ በጫፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ወደ ጥላው ውስጥ ይገባል። ፊዚክስ ይህን ባሕርይ ዲፍራክሽን ይለዋል። ማዕበሉ በረዘመ መጠን መጎንበሱ ይቀለዋል። 33 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የ900 ሜጋኸርዝ ማዕበል ከ14 ሳንቲ ሜትሩ የ2,100 ሜጋኸርዝ ማዕበል በተሻለ ሁኔታ ከተራራው ጀርባ ይደርሳል። ስለዚህም በገደላማ ሥፍራ ለድምፅ ጥሪ የሚሠራ ስልክ ለኢንተርኔት ሊያስቸግር ይችላል፤ ሁለቱ አገልግሎቶች ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ማዕበል ላይ አይጓዙምና።

ከዚህም በላይ በወንጪ ማዕበሉ የሚመጣው በአንድ መንገድ አይደለም። አንዱ በጫፉ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አንዱ ከማዶው ግድግዳ ተንጸባርቆ፣ ሌላው ከሐይቁ ገጽ ነጥሮ ይደርሳል። የሁለት ማዕበሎች ከፍታ ከከፍታ ሲገጥም ይበረታሉ፤ ከፍታ ከዝቅታ ሲገጥም ይጠፋፋሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ደካማና ብርቱ ነጥቦች በግማሽ የማዕበል ርዝመት ያህል ብቻ ሊራራቁ ይችላሉ፤ ይህም ለ14 ሳንቲ ሜትሩ ማዕበል 7 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ራውተሩን በመስኮቱ ደፍ ላይ ቀስ እያልን ገፋነውና በየቦታው ስልኩ ላይ በሚነበበው የምልክት መጠን ጠመኔ አደረግን። ከደካማው እስከ ብርቱው ነጥብ ያለው ልዩነት 12 ዴሲቤል ሆነ። ዴሲቤል በየ10ው የኃይልን መጠን በ10 እጥፍ የሚቆጥር መለኪያ በመሆኑ፣ 12 ዴሲቤል ማለት ወደ 16 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ነው። ይህን ያህል ያተረፍነው አንዲት ሳንቲም ሳናወጣ፣ ዕቃውን ከክንድ ባነሰ ርቀት በማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚታመን አንድ ነገር እናንሣ። «ዝናብ ሲዘንብ ኔትወርክ ይጠፋል» ይባላል። የዝናብ ጠብታ ማዕበልን ጎላ ባለ ሁኔታ የሚያደክመው ድግግሞሹ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ሲሆን ነው። ስልኮቻችን ከማማው ጋር በሚነጋገሩበት በ900 ወይም በ2,100 ሜጋኸርዝ ላይ ጉዳቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሆኖም ማማዎች እርስ በርሳቸው ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በከፍተኛ ድግግሞሽ በሚሠሩ የማይክሮዌቭ ማገናኛዎች ነው፤ በዝናብ ጊዜ የኤሌክትሪክ ኃይል የመቋረጡም ነገር አለ። ሕዝቡ ያየው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ከስልኩ እጅግ ራቅ ብሎ ነው ያለው።

ሦስተኛው ጉዞ፦ የፖስታ ሣጥኑ ችግር

መስመሩ ከተስተካከለ በኋላ ማጫወቻው ኢንተርኔት ማግኘቱን አረጋገጠ፤ ነገር ግን ከተፎካካሪ ጋር ሊያገናኘው አልቻለም። በምርመራ ገጹም ላይ «የኤንኤቲ ዓይነት 3» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ይህ ምንድን ነው?

የተለመደው የኢንተርኔት አድራሻ በ32 ቢት የሚጻፍ በመሆኑ ሊኖር የሚችለው የአድራሻ ብዛት 4,294,967,296 ብቻ ነው። የዓለም ስልኮች፣ ኮምፒዩተሮችና ማጫወቻዎች ቁጥር ከዚህ በልጧል። ስለሆነም ዕቃዎች አድራሻ ይጋራሉ። ነገሩን በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ከሚጠቀም መሥሪያ ቤት ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ከውስጥ ሠራተኛ ደብዳቤ ሲልክ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ይመዘግባል፤ መልስ ሲመጣም ከመዝገቡ አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ነገር ግን ማንም ሳይጽፍለት ከውጭ የመጣን ደብዳቤ ለማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ ይጥለዋል። ድረ ገጽ የሚያነብ ሰው ሁልጊዜ መጀመሪያ ጠያቂው እሱ በመሆኑ አይቸገርም። በአንዳንድ ጌሞች ግን የአንዱ ተጫዋች ማጫወቻ የሌላውን በቀጥታ ያንኳኳል፤ ጸሐፊውም አያስገባውም።

ልጁ የከፈለው ባለሙያ በራውተሩ ላይ «በሮችን መክፈት» የሚባለውን ሥራ በትክክል ሠርቶ ነበር። ያልሠራለት በሌላ ምክንያት ነው። ብዙ የሞባይል ኔትወርኮች እንደሚያደርጉት፣ ከራውተሩ በላይ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ሁለተኛ የፖስታ ሣጥንና ሁለተኛ ጸሐፊ አሉ። ይህን ማወቅ ቀላል ነው። የራውተሩ ገጽ ላይ የሚነበበው የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ ይህ ክልል እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚሁ ተግባር የተመደበ ስለሆነ፣ በቤት ውስጥ የቱንም በር ብንከፍት ከላይ ያለው በር ዝግ ነው። የሚቀረው አማራጭ አገልግሎት ሰጪውን የራስ አድራሻ መጠየቅ ወይም ግጥሚያው በመካከለኛ ሰርቨር የሚያልፍ ጌም መምረጥ ነው፤ በእንዲህ ያለው ጌም ሁለቱም ተጫዋቾች ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ አይሆኑምና።

በዚሁ ሦስተኛ ጉዞ ላይ ከቴክኒክ ውጭ የሆነ መቋረጥም ይደርሳል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ገደማ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ራውተር መፍታት ድካም ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ዕቃ ከመንካታችን በፊት፣ «የጎረቤት ስልክስ ይሠራል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

አራተኛው ጉዞ፦ ብርሃንም ይዘገያል

በመጨረሻ በመካከለኛ ሰርቨር የሚያልፍ ጌም ከፍተን አንድ ግጥሚያ ተሳካ። ልጁ ግን ጆይስቲኩን ከጨበጠ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ «እኔ ስመታ ኳሷ ቆይታ ነው የምትሄደው» አለ። የመዘግየቱን መጠን ብናየው ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ነበር። «ታዲያ ከፍ ያለ ፓኬጅ ልግዛ?» ሲል ጠየቀን።

መልሳችን አይደለም የሚል ነው። ፓኬጅ የሚገዛው የጭነት መጠንን ነው። ከወንጪ ወደ አምቦ እህል የሚያጓጉዝ ሰው ሃያ በቅሎ ቢጨምር የሚደርሰው እህል ይበዛል፤ የመጀመሪያዋ በቅሎ ግን ቀድማ አትደርስም። የጌም ግጥሚያ የሚልከው መረጃ እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚፈልገው ቶሎ መድረስን ነው። ብዙ በቅሎ የሚያስፈልገው ጌሙ ሲታደስና አሥሮች ጊጋባይት ሲወርዱ ነው።

ብርሃን በባዶ ጠፈር በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በፋይበር መስታወት ውስጥ ግን ፍጥነቱ ወደ 200,000 ይወርዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ጀርመን ፍራንክፈርት ያለው ቀጥተኛ ርቀት 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሰርቨሩ እዚያ ቢሆንና መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ መልእክት ሄዶ ለመመለስ 53 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ሥዕል የሚያሳይ ከሆነ፣ ይህ የሦስት ሥዕሎች ጊዜ ነው። በሰከንድ 25 ሜትር የተመታች ኳስ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአንድ ሜትር ከሠላሳ ሳንቲ ሜትር በላይ ትሄዳለች። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጅቡቲ አድርጎ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር ይገናኛል፤ ወደ አውሮፓም በቀይ ባሕርና በግብፅ በኩል ይሻገራል። መንገዱ ሲጠማዘዝ ኪሎ ሜትሩ ይጨምራል፤ በየመገናኛው የሚጠብቀው ወረፋና የሞባይል ኔትወርኩ የራሱ መዘግየትም ይደመርበታል።

ይህ ጉዞ የማይበገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ኬብሎች ተበጥሰው በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ መካከል ያለው ግንኙነት ተጎድቶ ነበር። ደጃፉ ላይ ደርሰንም በሩ ዝግ ሊሆን ይችላል። የፕሌይስቴሽን የጨዋታ ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 በመረጃ ሰርጎ ገቦች ምክንያት ለሦስት ሳምንታት ያህል፣ በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ለአንድ ቀን ገደማ በዓለም ዙሪያ ተዘግቶ ነበር። ያን ዕለት ማጫወቻውን ለጠጋኝ የወሰደ ሰው ቢኖር ደህና ዕቃ አስፈትቷል ማለት ነው።

ምን ተደረገ?

ጀንበሯ ወደ ማዶው አፋፍ ስታዘቀዝቅ የደረስንበትን ለልጁ በወረቀት ጽፈን ሰጠነው። የመጀመሪያው ችግር ተፈቷል፤ ሁለተኛው ተሻሽሏል፤ ሦስተኛው በከፊል ታልፏል፤ አራተኛው አይፈታም። ከውጭ አገር ተጫዋች ጋር በእኩል ፍጥነት መግጠም ከወንጪ የሚቻል አልነበረም፤ ይህንንም ሳንደብቅ ነገርነው። ልጁ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ «ሦስት ወር የተጣላሁት ከማን ጋር እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር» አለ። ለእኛ ከዚያ ቀን ሁሉ የቀረችው ይህች ንግግር ናት። ድህነት ገንዘብን ብቻ አይወስድም። ችግሩን ለይቶ ማየት ያልቻለ ሰው ለሲም ካርዱም፣ ለባለሙያውም፣ ለፓኬጁም ከዚያው ጥቂት ገንዘብ ደጋግሞ ይከፍላል።

ሰኞ የመጣው ገዢ ዕቃውን ሳይወስድ መመለሱን ኋላ ሰማን። ልጁ ማጫወቻውን ከብረት ሳጥኑ አውጥቶ በገመድ አገናኝቶታል፤ ማታ ማታ ወረፋ ሲቀንስ ጌሙን ያድሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የላይኛውና የታችኛው መንደር ልጆች በሁለቱ ጆይስቲኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገጥማሉ። ለዚህኛው ግጥሚያ ኢንተርኔትም፣ ማማም፣ የባሕር ሥር ኬብልም አያስፈልግም።

አንባቢያን በየቤታቸው «ኔትወርክ የለም» የሚለው መልእክት ሲያጋጥማቸው ቅደም ተከተሉን እንዲህ ቢይዙት እንመክራለን። በመጀመሪያ የጎረቤትን ስልክ መጠየቅ፤ ቀጥሎ የራስን ስልክ በዚያው ራውተር መሞከር፤ ስልኩ ከሠራ ማጫወቻውን ከብረትና ከቆርቆሮ አርቆ በገመድ መፈተን፤ ስልኩም ካልሠራ ራውተሩን በመስኮት አካባቢ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ፤ ግንኙነት ኖሮ ግጥሚያ ከሌለ የራውተሩን የውጭ አድራሻ ማንበብ፤ ግጥሚያ ኖሮ ኳሷ ከዘገየች ደግሞ ርቀቱን አስልቶ ማረፍ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚገዛ ነገር ቢኖር አንድ ገመድ ነው፤ እሱም ቢሆን ከፍተሻው በኋላ እንጂ ከፍተሻው በፊት አይገዛም።